የአረፋ ፈተና

ሦስት ጣት በማይሞላ፣ በአንዲት ጠባብ መስኮት
በብብቱ ሥር ገባን፣ ጎድኑን ሳንከፍት።
ድሮማ ሐኪሙ፣ ጎድን እየሰበረ
እንደ በር ገንጣይ ነው፣ ሲገባ የነበረ፤
ዛሬ ግን በስሱ፣ በቁልፍ ቀዳዳ
ገብቶ ይመለሳል፣ እንዳፈረ እንግዳ።

እኔ ዓይን ነበርኩ። ሌላ ሥራ የለኝ።
ቢላውን፣ መቀሱን፣ ማንም አልሰጠኝ።
ካሜራውን ይዤ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣
ትከሻዬ ሲግል፣ ጣቶቼ ሲዝሉ፣
"ጭጋግ ነው፣ ቪቴክ፤ አውጣና ጥረገው፤
ዓይኔ አንተ ዘንድ ነው፣ አደራ ያልኩህ ሰው"
ትላለች ቭላስታ፣ ቀና ሳትል እንኳ።

ከጨርቁ ሥር ያለው፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣
መስታወት በትንፋሽ፣ ሲነፋ የኖረው።
ቦሁሚር ይባላል፤ አገሩ ኖቪ ቦር፣
አርባ ዓመት የሠራ፣ ቆሞ በእቶን በር።

ዋዜማውን ማታ፣ ላስፈርመው ስሄድ፣
አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ እያየ ወደ መንገድ፣
"ስንቱን ትወስዳላችሁ?" አለኝ ቀስ ብሎ፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ካንሶላው ላይ ጥሎ።
"ከአምስት ክፍል አንዱን፣ የቀኙን ታችኛ።"
"እስኪ ልጠይቅህ፣ አንተው ሁነኝ ዳኛ፦
በአራት አምስተኛ፣ ስንት ብርጭቆ ይነፋል?
ወይስ የእኔ ነገር፣ ከእንግዲህ አልፏል?"
መልስ አልነበረኝም። ብዕሩን ሰጠሁት።
እንደ መንፊያው ቧንቧ፣ ሲያሽከረክር አየሁት።

ፈረመ።

ልወጣ ስል ጠራኝ። "አንድ ነገር ስማ፤
የመስታወት ጠላቱ፣ ድንጋይ አይደለማ፤
አረፋ ነው፣ ልጄ። ካንዲት ጠብታ አየር
ዋንጫው ይሰነጠቃል፣ ሳይደርስ ከጠጪ ከንፈር።"

አሁን ያ ሳንባ ነው፣ በስክሪን የማየው፣
ሮዝና ጥቁር፣ ጥላሸት የወረሰው፤
አየሩን ተነጥቆ፣ ተኝቷል ተሸብሽቦ፣
እንደ ሰርግ ማግስት ድንኳን፣ ወድቆ ተሰብስቦ።
ሌላኛው ለብቻው፣ ለሁለት ይተነፍሳል፣
የወንድሙን ድርሻ፣ ተሸክሞ ያርሳል።

ቭላስታ አትቸኩልም። ደም መልሱን ለየች፣
ከሽፋኑ አውጥታ፣ በክር አነሳች፤
ስቴፕለሩ ገባ። ጠቅ። ስድስት ረድፍ ስፌት፤
በመሐል ቆረጠ። ደም አልፈሰሰበት።
ቀጥሎ ደም ቅዳው፣ እንደ ጥጃ ዘላይ፣
ከልብ ጋር የሚሮጥ፣ እስክሪኑ ላይ።
እዚህ ጋ ቢቀደድ፣ በሩ ይሰበራል፣
ጎድኑ ይከፈታል፣ የድሮው ይመጣል።
ክፍሉ ጸጥ አለ። ዝዴንካ እንኳ፣ ሁልጊዜ የምታወራው፣
መርፌዋን ቆጥራ ቆጥራ፣ ደግማ ጀመረችው።

ጠቅ።
አለፈ።

የትንፋሹም ቧንቧ፣ ተዘጋ በተራው።
ቁራጩ በከረጢት፣ አንገቱ ታስሮ፣
በዚያችው መስኮት ወጣ፣ ራሱን አሳጥሮ።

ከዚያ ነው ፈተናው። ለብ ያለ ውኃ ሞላን፤
"ንፋ" አለች ቭላስታ፣ ማደንዘዣ ሰጪውን።
ንፋ! የእቶን ቃል ነው፣ እሱ ቢሰማ ያውቀዋል፤
ዛሬ ግን ተኝቷል፣ ሌላ ሰው ይነፋለታል።
የቀሩት ሁለቱ፣ በውኃው ሥር አበጡ፣
ቀስ ብለው፣ ቀልተው፣ ከእንቅልፍ እየወጡ።
እኔም ካሜራዬን፣ ስፌቱ ላይ አቁሜ
አረፋ እፈልጋለሁ፣ ምክሩን ተሸክሜ።

አንዲት ወጣች፤ ከጥጉ፣ ከሰናፍጭ የምታንስ።
ቭላስታ ዓይኗን ጨፈነች። "ደግመህ ንፋ። ቀስ።"
ሁለተኛ የለም። ሦስተኛም የለም።
ውኃው እንደ ረጋ፤ ምንም አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን፣ ኮሪደሩን ሲራመድ፣
የቱቦውን ሳጥን፣ እንደ ውሻ በገመድ
እያስከተለ፣ ሲያስል ጎንበስ ብሎ ይቃኛል፤
"አረፋ የለበትም። ይሄስ ይሸጣል" ይለኛል።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ ጥቅል መጣልኝ፤
ደብዳቤ የለውም። ከአሮጌ ጋዜጣ ብርጭቆ ወጣልኝ፦
ትንሽ ናት፣ ዘመም ያለች፣ ከንፈሯ የወፈረ፣
የአራት አምስተኛ ትንፋሽ፣ እዚያ ውስጥ የቀረ።
ከሥሯ አንዲት አረፋ፤ ከሰናፍጭ ታንሳለች።
ተኝቶ ነበር ያኔ። እኔም አልነገርኩት። እንዴት ገባች?
ስህተት ይሁን ሰላምታ፣ ጠይቄው አላውቅም።
ውኃ ጠጣሁባት። አልተሰነጠቀችም።