አምስት ጉርድ ፎቶ

የካቲት ሲገባ መዝገቡን ታቅፎ፣
የቀበሌው ልጅ መጣ፣ ደንገሉን ጥሶ አልፎ።
«ጋሽ አንለይ፣» አለኝ፣ «ጤና መድን ይግቡ፤
መዋጮው በዓመት ነው፣ ብዙም አያስቡ፤
አምስት ጉርድ ፎቶ። ሲያምዎ ደብተሩን ይዘው ይቅረቡ።»

ሳቅሁበት። የመረቤን ክር በጥርሴ እየሳብሁ፣
«ልጄ፣ ላልመጣ ሕመም ቀብድ አልከፍልም» አልሁ።
«ብሬ ከኪሴ ነው፣ ዓሣዬ ከጣና፣
የታመምሁ ዕለት ልክፈል፤ ምን ቸኮልሁ ገና?»

(እድሬን ግን በየወሩ ሳላዛንፍ ከፍያለሁ።
ለሬሳዬ ድንኳን፣ አንድ ቀን ሳልቀጣ ኖሬአለሁ።)

ሰኔ ላይ ትሁኔን ትርፍ አንጀት ያዛት።
ዶፍ ነበር፤ ባጃጅ የለም፤ በጀርባዬ አዘልኋት
እስከ አስፋልቱ። ከዚያ የግል ሆስፒታል፣ ንጹሕ አልጋ ሰጧት።
ገንዘብ ተቀባይዋ ብሬን በሁለት ጣት
አንጠልጥላ ቆጠረች፤ ዓሣ ዓሣ ሸተታት።
«ይህ ለምርመራው ነው። ለቀዶ ጥገናው
ሌላ ያስይዙ» አለች። ሌላው የትኛው ነው?

ሌላው መረቤ ነው። ሸጥሁት ለያዛቸው፣
ከነእርሳሱ ሸጥሁት፤ ቋጠሮው የእጄ ነው።

ትሁኔ ዳነች፣ ተመስገን። ውሸት አልናገርም፤
ፈጣን ነው ጥሬ ብር፣ ወረፋ አያቆምም።

የያዛቸው ሚስት ደግሞ፣ ውባንቺ፣ ደብተሯን ታቅፋ፣
ጎህ ሳይቀድ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ናት ተሰልፋ።
ሐኪሙ አያት፤ ጻፈላት፤ ማኅተሙ አረፈበት፤
ከመድኃኒት መስኮቱ ግን «ይህ አልቋል፣ ከውጭ ግዙት።»
ሲመሽ ቤቴ መጣች፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች፣
«ጥሬ ብር አይጠፋህም ብዬ ነው፣ አንለይ» አለች።

እኔ ዘንድ! ጥሬ ብር! ከትሁኔ ጋር ተያየን፤
ሳቅ ቀደመን፤ ከሳቁ ኋላ ሌላ ነገር አነቀን።
ከእንስራው ሥር አንድ መቶ ብር ነበረች።
ሰጠናት። እርጥብ ነበረች።

አሁን መረቤን እጠግናለሁ፣ የእኔ ያልሆነውን መረቤን፣
በቀን ሂሳብ፣ ከያዛቸው ጀልባ ጥላ ሥር።
ክሩን ከጎረቤቱ ክር ጋር ሳስር
ይገባኛል፤ አንዷ ዓይን ብቻዋን ዓሣ ይዛ አታውቅም።
የተበጠሰችው ግን፣ አንድ ሰው ካልቋጠራት፣ ሁሉንም ታሾልካለች።

የካቲት ገባ። ልጁ መጣ፤ መዝገቡ ከአምናው ወፍሯል።
ቀና ሳልል፣ ወስፌውን ከእጄ ሳላወርድ፣
«ጉርድ ፎቶው ስንት ነበር ያልኸው?»
«አምስት፣ ጋሽ አንለይ።»
«መድኃኒቱስ?»

ልጁ ጣናን አየ።
እኔ ኪሴን ዳሰስሁ፣ ለፎቶው።