ከስምንት አንድ

የአዳማ ነፋስ ሲደክመው፣ ሰማዩ ካቧራ ሲጸዳ፣
የካቲት ጓዙን ጠቅልሎ ለመጋቢት ሲሰናዳ፣
አማቴ ከበር ይቆማል፣ ቆንጨራ ስሎ ለአገዳ።

ስሙ ኤርጃቦ ነው። በወንጂ፣ ስኳር ከሚፈላበት ክፍል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል፣ እንፋሎት ፊቱን ሲልጠው፤
ጆሮውን ሞተር ቀማው እንጂ አፍንጫውን አልነጠቀው።
ያገር ሻይ ሲያጣፍጥ ኖሮ፣ ለገዛ ቤቱ ስኳር ግን
ተሰልፎ ነው የኖረው፣ ቀበሌው ለክቶ እስኪሰጠው።

ሲናገር ይጮኻል፣ እንደማይሰማ ሰው ሁሉ፤
«ቦዩን ጥረጊ! በልግ ቀጠሮ አያውቅም!» ሲለኝ
ከሦስት ቤት ወዲያ ያሉ ሴቶች አካፋ ይዘው ይወጣሉ።

እኔም ቦዩን እጠርጋለሁ፤ የእሾህ አጥሩን አጠብቃለሁ፤
የፓፓያውን ችግኝ ከጣሳ ወደ መሬት አወርዳለሁ፤
ጣራው ላይ ወጥቼ ደግሞ የዛገውን እነቅላለሁ።
(ባሌ የጂቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ ከጭነት መኪናው ጋር።
ሲደውል «ሚሌ ነኝ» ይላል፤ «ሚሌ ይሞቃል» ይላል።
ጣራ በስልክ አይመታም።)
አንዲት ቆርቆሮ ቀረችኝ፤ ሚስማሩ አለቀና
«ለነገ» ብዬ አስደገፍኳት፣ ከአልጋችን በላይ ሰማይ ትቼ።

የቱፋን መጭመቂያ ተዋስን፣ አውቶቡስ ተራ የሚያቆመውን፤
ሰኞ ሰኞ ገበያ የለው።
እኔ መዘውሩን ሳዞር ልጄ ያቤጽ አገዳ ያጎርሳል፤
አንዱን ለብረቱ ጥርስ፣ አንዱን ለራሱ ይቆርሳል።

ስምንት ጄሪካን ሞላን። በግማሽ በርሜል ገለበጥን።
ቁንጥር ኖራ ጣል ሲያደርግ አረንጓዴው አረፋ ገነፈለ፤
ገፈፍን፤ ደግሞ ገፈፍን።
እንጨት አልገዛንም። ጭማቂው የወጣለት ገለባ
ፀሐይ ላይ ደርቆ ይማገዳል፤
አገዳ በገዛ አጥንቱ ይበስላል።

ጠዋት አረፋው እንደ ምስር፣ ቀትር ላይ እንደ ባቄላ፤
አማቴ ማማሰያውን ይዞ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ዋለ፤
በሁለት ጣቱ መሃል ክር ስቦ፣ ክሩ ሲበጠስ «ገና!» አለ።
እንፋሎቱ ጓሮውን ለቆ ወደ ቦኩ ጋራ ሸሸ።
«ሰባቱ ለሰማይ ነው» አለኝ፣ «ለኛ አንዷ ናት።» ቀኑም መሸ።

ያኔ አፍንጫውን ቀና አደረገ።
ነጎድጓድ እኔ አልሰማሁም፣ እሱማ ከየት ይሰማል?
«ዝናብ!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ
ልብሱን ከገመድ ሰበሰበ፣ በርበሬውን ከሰሌን አነሣ፤
እኛ ግን በርሜሉን ወዴት እናንሣ?
እሳቱ ከሥሩ፣ ሰማዩ ከላዩ።

ለካ ያልመታኋት ቆርቆሮ ቀን ጠብቃ ኖሯል።
አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ቱፋ፤ ከወዲያ ማዶ ብርቂቱ
ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፤ አራተኛው ጎረምሳ
ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ ዝናብ ሸሽቶ የገባ።
ጠብታው ቆርቆሯችን ላይ እንደ ጠጠር ሲንጣጣ
ክንዳችን እየተንቀጠቀጠ፣ እየሳቅን፣ ደጅ ቆምን፤
ሰማዩ ከወሰደው ሰባት መልሱን ሲያወርድ አየን።

«ደረሰ!»
ክሩ ረዘመ፤ ረዘመ፤ አልተበጠሰም። እንደ ቀይ ሻይ ጠራ።
አማቴ ጣቱን አየ። እኔም አየሁት። ኅዳር ላይ ሐኪሙ
የዕድሜ ልክ የሥራውን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጥቶታል፣
«ስኳር» ብሎ።
ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆየ፤
ከዚያ ያቤጽ ከንፈር ላይ ጠረገው።
«እንዴት ነው?» አለ፣ እየጮኸ።
ልጁም ጮኾ መለሰለት፤ ምን እንዳለ
ከሦስት ቤት ወዲያ ያሉት ይንገሯችሁ።

አንዷን ጄሪካን በጠርሙስ አካፈልን፣ ቆርቆሮ ለያዙት፤
ለጎረምሳውም።
ለኛ የተረፈን ሁለት ጠርሙስና
ውኃ የጠጣ ፍራሽ።
ነገ ሚስማር እገዛለሁ።