ዝናቡ ከውስጥ ነው

በሰሜን ዌልስ ከካባው ግርጌ፣ ቤተ ሳይዳ በሚሉት መንደር፣
የእናቴ የኦልዌን ጣሪያ በጥር ሌሊት ያነባ ነበር።
ጠብ ሲል ጣሳ፣ ጠብ ሲል ባልዲ፣ ጠብ ሲል የሾርባ ሳህን፣
ደርድረን ስናበቃ በር ከፍተን ሰማይ አየን፤
ጥርት ያለ! ኮከብ በኮከብ! ደመና የሚባል የለ።
ታዲያ ይኼ ሁሉ ውሃ ከየትኛው ሰማይ ኮበለለ?

መጽሐፍ ላይ ያለችው መጠመቂያ፣ ስሟን ለመንደሩ የሰጠች፣
መልአክ ሲያናውጣት እንኳ ለአንድ በሽተኛ ነው የበጀች፤
የኛይቱ ግን ለማንም አልሆነች፣
ፍራሽ አበሰበሰች፣ የግድግዳ ወረቀት ላጠች።

ጣሪያ ሠሪው ሜሬዲዝ መጣ፤ ሰባ ሁለት ነው ዕድሜው፤
ከመሰላሉ ይልቅ የሚንቋቋው ጉልበቱ ነው።
የአዲስ ጣሪያ ዋጋ ፈርቼ በሆዴ ሒሳብ ስሠራ፣
እሱ ሰሌዳ ድንጋዩን ያንኳኳል፣ ጆሮ ጥሎ፣ ተራ በተራ።
«መቶ ሠላሳ ዓመት የቆመ፣ ዛሬም አያፈስም ይኼው፤
ሰማዩን አትክሰስ፣ ልጄ፤ ዝናቡ ከውስጥ ነው።»

በኮርኒሱ ቀዳዳ ወጣን፤ ባትሪውን ወራጁ ላይ አበራ፤
እንጨቱ ጥቁር ሻጋታ፣ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘራ፣
ምስማሮቹ በየጫፋቸው አንዳንድ ጠብታ አንጠልጥለው፣
የጀመሩትን ቃል ሳይጨርሱ እንደሚጠብቁን ሆነው።

«የእናትህ ማንቆርቆሪያ ነው። የገላ መታጠቢያዋ እንፋሎት።
ምድጃው ዳር የምትሰቅለው ልብስ፣ የእንቅልፏም ትንፋሽ ሌሊት ሌሊት።
ሞቆ ይወጣል፣
ድንጋዩን ይነካል፣
ይበርደዋል፣
መውጫ ያጣል፣
ተመልሶ አልጋዋ ላይ ይወድቃል።
እስቲ ንገረኝ፤ የአየሩን በር ማነው የዘጋው?»

እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አባቴ አልጋ ላይ ሳለ፣
የካባው አቧራ ሳንባው ውስጥ መልሶ ድንጋይ እያከለ፣
«ነፋሱ ገባብኝ፣ በረደኝ» ሲለኝ፣
ሌላ ምን እጅ ነበረኝ?
ክፈፉን በሙሉ፣ ሽንቁር ሳላስቀር፣
በመስታወት ሱፍ ስወትፍ፣ ስጠቀጥቅ፣ ሳድር፣
እጄን ሳምንት በላኝ። እሱ በሦስተኛው ሌሊት
ትንፋሹ ቆመ። ያ ሱፍ እዚያ እንዳለ ረሳሁት።

ሜሬዲዝ ዝም አለ። እሱም ካባውን ያውቃል፤ ወንድሙን ቀብሯል።
«ለሙቀት ብለህ ነው» አለኝ፤ «ቤትም ግን ይተነፍሳል።»

ሦስት ቀን ሠራን። ሱፉን ከክፈፉ አንድ ክንድ ፈቀቅ አደረግነው፤
ኮርኒሱን አላራቆትንም፤ ብርዱን ለማን ነው የምንተወው?
ከአሸንዳው በላይ መግቢያ ከፍተን፣ ተርብ እንዳይሰፍርበት ዳር ዳሩን
በሽቦ ወንፊት ጋረድን፤ ከአናትም መውጫ ሰጠነው አየሩን።
ከተነሱት ድንጋዮች በአንዱ፣ ጀርባው ላይ፣ በምስማር ጫፍ የተጻፈ
ቁጥር አለ፤ ማን እንደቆጠረው አላወቅን። ያለፈ
ሰው ነው። መልሰን ቸነከርነው፣ ጽሕፈቱ ወደ ውስጥ፣ እንደነበረ።

እናቴ ሒሳቡን አይታ መነጽሯን አወለቀች።
«ለቀዳዳ ይኼን ያህል? ቀዳዳ እኮ ባዶ ነው!» አለች።
የካቲት ላይ ውርጩ ጠና። ጠበቅን። ነጋ። ወራጁ ደረቅ።
የሾርባ ሳህኑ ግን እስከ ፋሲካ ከአልጋዋ ሥር አልተነሳም፤
ሜሬዲዝን ታምናለች፤ ጣሪያውን ገና አታምንም።

አንዳንድ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ፣ በክፈፉ ገብቶ በአናቱ ሲወጣ፣
ሳብ... ለቀቅ... ሳብ... ለቀቅ... የሚል ድምፅ ከላይ ሲመጣ፣
መብራት ሳታበራ ታዳምጣለች።
«ዛሬ ደህና ተኝቷል» ትላለች።
ማን እንደሆነ አልጠይቃትም።