ጳጉሜ የገባበት ሰዓት

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከዘንባባው ጥላ፣
አንድ ክንድ ከስንዝር ሱቅ አለችኝ፤ ሌላ
ሀብት የለኝም፤ ወረንጦ፣ ብሩሽ፣ አጉሊ መስታወት፣
ገበያ የሚያመጣልኝ የሐይቁ እርጥበት።

ነሐሴ ሲያልቅ ሽባባው ዝናብ ለብሶ መጣ፣
ከጉያው መሐረብ፣ ከመሐረቡ ሰዓት አወጣ።
«የአጎቴ ነው» አለኝ፣ «የጀልባው ነጂ፤
ቀኑን አስተካክል፣ ቅዳሜ አለው ገዢ።»

ክዳኑን ፈታሁት፤ ትንፋሼን ዋጥኩት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት የፈታሁት
እንዲህ ያለ ማሽን በእጄ ገብቶ አያውቅም።
ጥርሱ ከጤፍ ያንሳል፤ ሲዞር አይቸኩልም።
አንድ ጎማ አለ፣ ብልሃተኛው እሱ፣
በአራት ዓመት አንዴ የሚዞር በራሱ፤
ጠርዙ ስርጉድ፣ ጉብታ፣ እንደገና ስርጉድ፤
ስስ ምላስ ትዳስሰዋለች ከላይ ስትወርድ፣
ከጠለቀባት «ሃያ ስምንት»፣
ካልጠለቀ «ሠላሳ አንድ»።
ፌብሩዋሪ በአራተኛው ዓመት
አንድ ቀን እንደምትጨምር
ማን አስተማራት?

የኔታ ምሕረቴ ከዘጌ ጀልባ ወርደው፣
መስታወቴን ተውሰው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣
«ዙሩ አራት ዓመት? ይህማ የኛው ነው፤
ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ነው።
ጳጉሜ የቱ ጋ ናት?»
የለችም አልኳቸው።
ዝም አሉ። ከወደ ክብራን የጀልባ ሞተር ተሰማ፣ ጠፋ።
«እንግዲያ ጎደሎ ነው» አሉና መለሱት፣
«አሥራ ሦስተኛ በር ያልቆረጡለት ቤት።»

ሠሪዎቹ ግን «ዘላለማዊ» ነው የሚሉት።
ዘላለሙ በነሱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ላይ ያልቃል፤
በዚያ ዓመት የሌለች ቀን ቆጥሮ ይስታል።
የኔታ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ፦
«የኛዋ አራትን እንጂ መቶን አታይ፤
ለኛ ቢሠሩት ኖሮ
መፍቻ ባልነካው ነበር።»

ሕግ አለው። ከምሽቱ ሦስት
እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ አይነካም፤
ጥርስ ጥርስን ይዞ ነገን ሲያምጥ ነው።
ሌላም ሕግ አለው፦
ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም።

እኔ በጠዋት፣ ጳጉሜ አንድ፣ እጄን ታጥቤ፣
የጎኑን ቁልፍ በእንጨት ጫፍ ስነካ፣ በልቤ
ስቆጥር፣ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ፤
ቁጥሬ ጠፋ።
ቀና ስል በረቡዕ ቁጭ ብዬ
ገና ያልመጣ ሰኞ ላይ ነበርኩ፤
አምስት ቀን አሳለፍኩ።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ልቡን አቁሞ መተው፣
ዓለም በእግሯ መጥታ እስክትደርስበት።

ሽባባው ጮኸ። «ሰዓት ሠሪ ሰዓት ያቆማል?
ገዢው እስከ ሰኞ ማን አለኝ ብሎ ይጠብቃል!»
«ምን ላድርግ» አልኩት፣ «ጳጉሜ ገብቶበታል።»

አምስት ቀን ተኛ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ።
ገዢው ቅዳሜ መጣ፣ አየ፣ ሄደ።
ሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ወረደ፤
የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው
ከሐይቁ ዳር በጠበሉ ዝናብ ሲንጫጩ
ሰዓቱን አየሁት፤
ለእሱም ያች ዕለት አልነበረችም፣
እንደ ሠሪዎቹ አገር።

መስከረም አንድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ ሞላሁት።
ሰኞ አለ። ሰኞ ነበር።

ሽባባው አልሸጠውም። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤
ያታለልኩት መስሎት ለዓመት ሰላም አላለኝም።
አሁን ግን በየዓመቱ፣ ጳጉሜ አንድ ጠዋት፣
መሐረቡን ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖራል፣
«አቁምልኝ» ይላል።
መስከረም ሲጠባ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እየቆጠርኩ፣
አምስት ጊዜ እጫነዋለሁ፤
በሉቃስ ስድስት።