ማግኔቱ ያልያዘው ቦታ

ቅርያት ያም፣ ከባሕሩ አፍ፣ ጨው በሚተነፍስበት መንደር፣
ከአራት ፎቅ ሕንፃ ጀርባ፣ ከቆሻሻው ገንዳ አጥር፣
ሸራዋን ወደ ኋላ ጥላ ቆማለች አንዲት ፊያት፣
የሰማይ ቀለም ተቀብታ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት።

ወይዘሮ ኢሎንካ፣ ባሏ ካረፈ ሁለተኛ ክረምት፣
ቁልፉን በመዳፏ አቅፋ፣ እንደ ታመመ ጫጩት፣
«ዝገት አያውቃትም» አለችን። «ዞልታን ራሱ ነው የሚያጥባት፤
ዓርብ ዓርብ፣ ሻማ ሳይበራ፣ በባልዲ፣ በጨርቅ፣ በእጁ፤
ከሰው ይልቅ ለእሷ ያደላል።» ሳቀች። «ያውም ከገዛ ልጁ።»

እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነኝ።
ስድሳ ሰው ጭኜ ስመላለስ ጣሪያው አናቴን ሲጫነኝ
አንድ ቀን እል ነበር፣ አንድ ቀን፣ ሰማይ ያላት መኪና፣
ሁለት ወንበር ብቻ፣ ፌርማታ የሌለው ጎዳና።

ኪሴ ውስጥ ሠላሳ ሺህ ሸቀል። ሃያውን ታውቃለች እናንዬ፤
አሥሩን የምናውቀው ሁለት ነን፣ እኔና ላይ ያለው አንድዬ።

አባቴን ይዤ መጥቻለሁ።
ወገራ ሳለን ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻው ስንቱን አረሰ፤
ቀን ማረሻ የገዛው ጎረቤት፣ ዓይኑን ፈርቶ፣
ልጁን በጋቢ ሸፍኖ ተመለሰ።
እዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ወለል ጠረገ።
ብረት ግን እጁን አልረሳውም።

ማግኔቴ ሎሚ ይመስላል። ከማቀዝቀዣው በር ነው የነቀልኩት፤
ኖጋ ልጄ ከገበያ ያመጣችው፣ ዛሬ ጠዋት የሰረቅኩት።
በሩ ላይ ያዘ። ኮፈኑ ላይ ያዘ። ከኋላ መብራቱም ጋ ያዘ።
ከበሩ ሥር፣ ከደፉ ላይ፣
ሎሚው ወደቀ።
አንስቼ አስጠጋሁት። ወደቀ።
«ማግኔቱ ደክሟል» አልኩ ለራሴ። ልቤ ሳቀ።

አባቴ ማግኔቱን አላየም። ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ጮኸ።
የጣቱን አንጓ አጥፎ ላሜራውን እንደ ሰው ቤት አንኳኳ፤
ቀንግ፣ ቀንግ፣ ቀንግ፣
ከዚያ ዱፍ። እንደ ሊጥ። እንደ ጭቃ።
«ስቱኮ ነው» አለ። «ከሥሩ ግን ብየዳ አለ። ዝም በሉ።»
ጆሮውን ደፉ ላይ ጣለ። ድመት አለፈች። ቆሙ ሁሉ።

ሲነሳ መዳፉን ከሱሪው ጠረገ።
«የበየደው ሰው እጅ አለው። ደኅና ብረት ነው የጣፈ።
መጣፉ አይደለም ነውሩ። የተጣፈ ማረሻም ያርሳል።
ግን ቀለም ለቅልቆ፣ ምንም እንዳልደረሰ፣ ዝም...»
አልጨረሰውም።

ለኢሎንካ በዕብራይስጥ ተረጎምኩላት፣ አሳጥሬ፣ አለስልሼ።
ደፉን አየችው እንደ ደብዳቤ፣ ያልተከፈተ፣ የቆየ።
«አልነገረኝም» አለች። «ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ይሆናል።
እመጣለሁ እያለ ይቀር ነበር። ስጠይቀው እጁ ያብጣል፣
ዓይኑ ቀልቷል። የለቅሶ መስሎኝ...» ቁልፉን አዟዟረች።

እኔስ?
በስምንት ዓመቴ ክፍል ስገባ መምህሯ ስሜ ከበዳት፤
ታጠቅ ነበርኩ፤ ሮኒ ቀባችኝ። አንድ እጅ ቀለም በቃት።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልተላጠም። የአውቶቡስ ባጄም ላይ አለ።
ማንም በጣቱ አንጓ መጥቶ አንኳኩቶኝ አያውቅም።

ስድስት ሺህ ቀነሰች ሳልጠይቃት።
ቆምኩ። ደፉን መፈልፈል፣ ብየዳ፣ ቀለም፣ ስንት ይፈጃል?
ከጨው ጋር ስንት ክረምት ይቆያል? እናንዬስ ማታ ምን ትላለች፣
ስለ አሥሩ ሺህ ብነግራት? ብነግራት ነው ያልኩት። እነግራታለሁ።

ቀና ስል አባቴ በሩን ከፍቶ፣ ከወንበሩ ገብቷል፤
ነጭ ፀጉሩን ንፋስ ይዞታል፤
ቀበቶ ይፈልጋል፣ በግራ በቀኝ።

«የላትም» አልኩት።

«እንግዲያ ቀስ በል» አለኝ።