ድንጋዩ ይቅደም

ሚቺነስ ጫፍ ላይ ነች፣ ከባሕሩ መሐል፣
ነፋስ ከሣሩ ጋር ሲታገል ይውላል።
ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከድንጋይ ጎጆ ውስጥ፣
አንዲት ሰርቨር አለች ነፋስ ስታዳምጥ።

ሱኑቫ ያለችው ቶርስሃቭን ከተማ፣
ባሕር ተሻግራ ነው ድምፅዋን የምትሰማ።
በክረምት ጀልባ የለም፤ ሄሊኮፕተር አለ፣
እሱም ዕሮብ ዕሮብ፣ ጉም ካልከለከለ።
አንድ ፊደል ብትስት፣ አንድ መስመር ብትዘል፣
ማን ሄዶ ይጫናል ማብሪያዋን ከገደል?

አዲሱ ከርነል ተዘጋጅቶ አልቋል፤
ሌሊቱን ሲፈጭ አድሮ ጠዋት ደርሶላታል።
አስኳሉ ከጠፋ ቅርፊት ምን ሊረባ?
ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ፣ ማን ይላል «አቤት፣ ግባ»?

ወጣቱ ሄግኒ ኮቱን ለብሶ ቆሟል፤
«አሮጌውን ሰርዢው፣ ቦታ ይይዝብናል።»
እሷ ያሰበችው ያያቷን ገመድ ነው፣
ለወፍ አደን ገደል ቁልቁል የሚወርደው።
አዲስ ሲገዛ አያቷ ሰው አይሰድበትም፤
የሰው ልክ ድንጋይ አስሮ ሳይጥል አያምንም።
አሮጌውም ገመድ ከችካሉ አይፈታ፣
አዲሱ ተጭኖ፣ ተፈትኖ እስኪረታ።

አማርኛ ብታውቅ ትነግረው ነበር
የዚያችን የችኩል፣ የዚያችን ሴት ነገር፤
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።
አማርኛ አታውቅም፤ ዝም ብላ ጻፈች፦

«አዲሱን ሞክሪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤
እጮኛ ነው ገና፣ አልሆነም ጋብቻ።
ቢደነግጥ ድንገት፣ ቢደርቅ፣ ቢፈዝ፣
አሥር ቆጥረሽ ተነሺ፣ ባሮጌው ትእዛዝ።
ጠባቂው ውሻሽም ይቁጠር ደቂቃ፤
ድምፅሽ ከጠፋበት ነክሶ ያንቃሽ በቃ።»

ቁልፉን ተጫነችው። መስመሩ ተዘጋ።
ጥሪ ትልካለች፣ ጨለማ ፍለጋ።
መልስ የለም።
መልስ የለም።
ሄግኒ ኮቱን አወለቀ፤ ምንም አልተናገረም።

ያን ጊዜ ሚቺነስ፣ በጎቹን ሲቆጥር፣
ቱማስ አየ በሩቅ፣ ከጎጆዋ በር፣
አረንጓዴው መብራት ጠፍቶ ዳግም ሲበራ፤
«ነፋሱ ነው» ብሎ ቀጠለ ቆጠራ።

ባምስተኛው ደቂቃ «አለሁ» የሚል መጣ።
«በማን ነው የነቃሽ?»
«ባሮጌው። አዲሱ ሥሩን ፈልጎ አጣ።»

ከሦስት ሺህ ጥያቄ ያንዲቱ መልስ ስቷል፤
የዲስኩ ድራይቨር «አይ» ተብሎ ቀርቷል።
የጻፈችው ራሷ፣ ከትናንት ወዲያ ማታ፣ እንቅልፍ እየጣላት፤
«እኔ ነኝ» አለችው፣ ሄግኒ ሳይጠይቃት።

«አይ»ን «አዎ» አለችው። ወፍጮው ጀመረ፤
ማራገቢያው ጮኸ፣ መስኮቱ በዝናብ ታወረ።
ዕሮብ ሄሊኮፕተሩ ወተትና ፖስታ ጭኖ ይበራል፤
ባዶ የቀረው ወንበር የማን እንደነበር
አብራሪው ምን ያውቃል።

የወረደው ገና ድንጋዩ ነው።
ገመዱ ተስቦ ወጥቷል፤
ቋጠሮው አንድ ቦታ ላልቷል።
እሷ ወንበሯ ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ሻይዋ እየቀዘቀዘ፣

ነገ ሌላ ድንጋይ።