የጫኝ ሂሳብ

አብራሪ አልነበርኩም፣ አትሳሳቱብኝ፣
ክንፍ ሥር ተንጋልዬ ቦምብ የማስር ጫኝ።
ደብረ ዘይት ሜዳ፣ ጎህ ሳይቀድ በብርድ፣
ብሎን እያጠበቅሁ፣ ስቆጥር አንድ በአንድ፣
በጠመኔ ቁጥር ሆዱ ላይ እጽፋለሁ፣
ሲመለስ ባዶውን መንጠቆ አያለሁ።
ጫኝ እኔ፣ አውራጅ እሱ፤ የወረደበትን አላየሁም፤
ከደመና በታች ያለው አገር የኔ አልመሰለኝም።

አንድ ተራራ ነበር፣ ስሙን የማልጠራው፣
በየሳምንቱ ነው «ተደመሰሰ» የሚባለው።
ሰኞ ደመሰስነው፣ ሐሙስ ደመሰስነው፣
በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ጫን አሉኝ፤ ያው ተራራ ነው።
ሻለቃውን ጠየቅሁ፣ ቅባት እየጠረግሁ፦
«የሞተ ተራራ ስንቴ እገድላለሁ?»
ሳቀና «አንተ ጫን» አለ። ጫንኩ።
እስከ ሃያ ሦስት ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

ዛሬ መሐል ሜዳ፣ ባናዬን ደርቤ፣
የወፍጮ ሞተር ነው ሥራዬም ቀለቤ።
ሽበቴን ያየ ሰው፣ ቱታዬን ያወቀ፣
ሰማይ በነዘነዘ ቁጥር እኔኑ ጠየቀ፦
«ጋሽ ይፍሩ፣ ይሄ ድሮን በጉም ውስጥ ያያል ወይ?
ባና የለበሰ ሰው ከበግ ይለያል ወይ?»
እኔ የማውቀው ብሎን፣ እኔ የማውቀው ጥርስ፣
ሰው የሌለበትን በምን እጅ ልዳስስ?
ግን «አላውቅም» ማለት ለባለሙያ ይከብዳል፤
«በጉም አያይም» አልኩ። ጉም ደግሞ ይነሳል።

ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ የወፍጮዋ ባለቤት፣
ሦስት ቀን ዘግታ፣ ሰው እህሉን ይዞ ሲመለስባት፣
«ሞተሬ ሲግል ከመኪና ይለየዋል?» አለችኝ።
ዓይን ዓይኔን ስታይ፣ ሃያ ሦስቱ ታዩኝ።
«ይለያል» አልኳት።
አንድ ቃል ጫንኩባት።

ቱፍ ቱፍ አለ ሞተሩ፣ ዱቄቱ ወረደ፣
ገብስ የያዘ ሁሉ አስፈጭቶ ሄደ፤
እኔ ግን በሩ ላይ ሽቅብ እያየሁ ዋልኩ፤
የጫንኩት የት እንደሚወርድ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቅኩ።

ወፍጮው ላይ አልወረደም። ከወንዙ ማዶ ነው፣
ድልድዩ አጠገብ፣ ጎተራ የመታው።
ለምን ጎተራ ሆነ? ማን ያውቃል ምክንያቱን፤
አንድ ጫኝ፣ የሆነ ቦታ፣ ጽፏል ቁጥሩን።
ገብሱ እስከ ማግስቱ ተቆላ፣ ሸተተ፣
ባለ ጎተራውም፣ ወንድይፍራው፣ ሞተ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ሌሊት፣
የጓሳውን መንገድ የሚያይ ነው የኔ ቤት፣
ቆጠርኩ፤ ልማዴ ነው። ባትሪ ሳያበሩ፣
የሟቹ ልጅ ፊት ፊት፣ አሥራ አንድ ሆነው ወደ ገደሉ ተሻገሩ።
ከነሱ ስድስቱ፣ እምላለሁ፣ በዚያው ሳምንት
ስለ ኳስ ነበር ክርክራቸው በሻይ ቤት።

ለአሥራ አንዱ ደግሞ ሰማዩ ጨመረ፣
በሳምንት አንዴ የመጣው በቀን ሁለቴ ዞረ፤
እሱ ሲጨምር ገደሉ፣ ገደሉ ሲጨምር እሱ፣
እንደ ሁለት ባለመሬት በድንበር ሲካሰሱ፣
ላሙን ሸጦ ለጠበቃ፣ በሬውን ሸጦ ለምስክር፣
መሬቱ ጦም አድሮ፣ ፋይሉ ብቻ ሲከመር።

ሰማይ ብዙ ይችላል፤ አልክድም፣ እጄ ያውቀዋል፤
ድልድይ ይሰብራል፣ ጣራ ይገልጣል፣ እናት ያስጮሃል።
ግን ወርዶ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ መሃል በርጩማ የለውም፣
የወንድይፍራውን ልጅ «ና፣ ይብቃህ፣ ተመለስ» አይለውም።
ካሣ አይቆርጥም፣ ደም አያደርቅም፤
ያፈሰሰውን እንኳ መልኩን አያውቅም።

በኋላ በእግር መጡ፣ ሰባ የሚሆኑ፣ ጫማቸው ጭቃ፣
አንዱማ ገና ለጋ፣ ጉሮሮው በብርድ የታነቀ፣ የደረቀ በቃ፣
«ይሄ መንገድ የት ያደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።
ሁሉን ከላይ የሚያይ ሰማይ፣ መንገድ ጠያቂ ላከልኝ!
ባና አውሼው አደረ። ሲነጋጋ ወረዱ።
ማታ እነዚያ መጡ፤ እነሱም ደግሞ ሄዱ።

ትናንት ጌጤነሽ፣ ቀበቶ ቢበጠስ፣ ልካ አስጠራችኝ።
«ይለያል ብለኸኝ ነበር» አለች። አልተቆጣችኝ።
በሯ ላይ በጠመኔ የዱቤ ዝርዝር አለ፦
«ወንድይፍራው፣ ገብስ፣ ሃምሳ ኪሎ»፤ አልተከፈለ።
«ልደምስሰው ወይ?» አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ።
«ተወው» አለች።
ቀበቶውን አጠበቅኩ።